መስመሩ በመተማ፣ ሰርቨሩ በአዲስ አበባ

በሚያዝያ የመተማ ሙቀት 40 ዲግሪን ይሻገራል። ሰው አልጋውን አውጥቶ ደጅ ያድራል፤ የሱቁ ቬንቲሌተርም የሚያዞረው ያንኑ ትኩስ አየር ነው። በመብራት በኩል ግን ቆላው ቀላል ቦታ አይደለም፤ ለሱዳን ኤሌክትሪክ ለመሸጥ የተዘረጋው 230 ኪሎቮልት መስመር ከጎንደር በሸኸዲ አድርጎ ወደ ገዳሪፍ የሚሻገረው በዚሁ ነው። ታዲያ ኃይሉ ደጃፍ ላይ ካለ የመረጃ ማዕከል ለምን እዚያ አይተከልም? የጸጥታውን ጉዳይ ለጊዜው እንተወው።

ሰርቨር የሚበላው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ሙቀቱን ማስወጣት ደግሞ ሌላ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ባለሙያዎቹ ማዕከሉ በጠቅላላ የሚወስደውን ኃይል ለሰርቨሮቹ በሚደርሰው ያካፍላሉ። ውጤቱ ለ1 ሜጋዋት ሰርቨር ከ1.6 ወደ 1.3 ቢወርድ በዓመት 2.6 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይተርፋል። ቁጥሩን ለማውረድ አንዱ መንገድ ፍሪ ኩሊንግ የሚባለው፣ ኮምፕረሰሩን አሳርፎ በውጭው አየር ማቀዝቀዝ ነው። ወደ ሰርቨር እንዲገባ የሚመከረው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ቀትር ላይ እንኳ 27ን የምታልፈው አልፎ አልፎ ነው። የመረጃ ማዕከል ኩባንያዎቹ ራክሲዮና ዊንጉ አፍሪካ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ የገቡት ደንበኛውን ተከትለው ይመስለኛል፤ አየሩ ምርቃት ነው። ምርቃቱም ሙሉ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ማራገቢያው የበለጠ መሥራት አለበት።

መተማ በበጋ ደረቅ ስለሆነች አየሩን በውኃ ትነት ማብረድ ይቻላል፤ እንስራ ውኃውን የሚያበርደው በዚሁ ዘዴ ነው። ግን በጋ ውኃው የሚጠፋበት ወቅት ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበቱ ትነቱን ያዳክመዋል።

ኃይል ለመቆጠብ ሌላው እንቅፋት የኤሌክትሪካችን ርካሽነት ነው። ቢትኮይን አምራቾች ይከፍሉት ነበር በተባለው፣ በኪሎዋት ሰዓት 3 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ብናሰላው፣ ያ ሁሉ የ2.6 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ቁጠባ 80 ሺህ ዶላር ቢሆን ነው። ለዚህ ሲል መሣሪያ የሚቀይር ባለሀብት ጥቂት ነው፤ ታሪፉ ከብቃት ጋር ቢታሰር ግን ሂሳቡ ይለወጣል።

የመረጃ ማዕከሉ ለደጋው ይቆይ፤ ለቆላው የሚበጀው ቁጠባ ያለው በሞባይል ማማው ሥር ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተሩ የሚያቃጥለው ናፍጣ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነው። ለውጭ አየር የተሠሩት የሬዲዮ መሣሪያዎች ሙቀቱን ይችሉታል፤ የማይችለው ባትሪው ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የመሣሪያውን ቤት ሙሉ በኤሲ ከማቀዝቀዝ ባትሪውን ብቻ በትንሽ ሣጥን አድርጎ ማቀዝቀዝ ያዋጣል።