ባንክ መቀየርና ገንዘብ መደበቅ ለየቅል ናቸው

ዕዳው ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው ጠበቃ ለማነጋገር ሲያስብ መጀመሪያ ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ የባንክ ሒሳቡ ነው። «ደመወዜ የሚገባበት ባንክ መኪናዬንም ያበደረኝ ነው፤ ወረቀቱ ፍርድ ቤት ከመግባቱ በፊት ልውጣ ወይስ ባለበት ልተወው?» የምኖረው ቶራንስ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ነክ ስለሆነ ይኼ ጥያቄ አንዳንዴ በስልክ፣ አንዳንዴም ቅዳሜ ፌርፋክስ ላይ ቡና እስኪፈላ ድረስ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይደርሰኛል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ለሚጠይቁኝም አስቀድሜ የምናገረው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ጥያቄ ጀርባ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፦ «ወይስ ለጊዜው በእህቴ ስም ላድርገው?» የመጀመሪያው ሕጋዊ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ «ቀይር» ነው። ሁለተኛው ግን ሰውን ከዕዳ አውጥቶ ወንጀል ውስጥ ሊከተው ይችላል። በእኛ መካከል ሁለቱ እንደ አንድ ነገር ሲወሩ ስለምሰማ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ነገሩን በስሙ እንጥራው። ቻፕተር 13 የሚባለው የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ምዕራፍ፣ ቋሚ ገቢ ያለው ሰው ዕዳውን በሙሉ ወይም በከፊል ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በሚዘልቅ ዕቅድ እንዲከፍል ያስችላል። በየወሩ ገንዘቡን ተቀብሎ ለአበዳሪዎች የሚያከፋፍለው ለጉዳዩ የሚመደብ ባለአደራ፣ በተለምዶ «ትረስቲ» የምንለው ነው። ማመልከቻው እንደገባ የአበዳሪዎች ስልክ፣ ክስና ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ዕዳ በአብዛኛው ይቆማል። የእኛ የቶራንስ ነዋሪዎች ጉዳይ የሚታየው በካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ዲስትሪክት የኪሳራ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ የሎስ አንጀለሱ ችሎት ዳውንታውን ቴምፕል ስትሪት ላይ ነው። ለማመልከት የአሜሪካ ዜጋ መሆን አያስፈልግም።

«ኪሳራ» የሚለው ቃል ግን ያስደነግጠናል። የሚያስደነግጥበት ምክንያትም አለው። አገር ቤት የ1952ቱ የንግድ ሕግ ኪሳራን ያወቀው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነበር። «እገሌ ከሰረ» ሲባል ሱቁ ተዘጋ፣ ስሙም አብሮ ወደቀ ማለት ነው። ደመወዝተኛ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ «ዕዳዬን በዕቅድ ልክፈል» ሲል አይተን አናውቅም። እዚህ ግን ነርሱም፣ ሾፌሩም፣ ኢንጂነሩም የሚጠቀምበት መንገድ ነው።

ታዲያ ባንክ መቀየር ለምን ያስፈልጋል? ባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ በሕግ ዓይን ባንኩ ለእኛ ያለበት ዕዳ ነው። እኛም ለዚያው ባንክ የመኪና ወይም የግል ብድር ካለብን ባንኩ ሁለቱን ዕዳዎች ሊያቻችል ይችላል። «ማቻቻል» በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም ያለ ነገር ነው። በተግባር ሲታይ የመኪናው ክፍያ ሲዘገይ፣ ለቤት ኪራይ የተቀመጠው ደመወዝ አንድ ቀን ጠዋት ከሒሳቡ ላይ የለም ማለት ነው።

ማመልከቻ ከገባ በኋላስ? የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መልስ እዚህ ላይ መታወቅ አለበት። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1991 ቻፕተር 13 አመለከተ። የቼኪንግ ሒሳቡ ያለው ሲቲዝንስ ባንክ ኦፍ ሜሪላንድ ነበር፤ ለዚያው ባንክም ከ5,000 ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ያልተከፈለ ብድር ነበረበት። ባንኩ ገንዘቡን አልወሰደውም፤ ነገር ግን የዕዳውን ያህል ይዞ፣ ፍርድ ቤቱ እስኪፈቅድለት ድረስ እንዳይወጣ አገደው። ክርክሩ እስከ ዋሽንግተን ደረሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1995 ዳኞቹ ባልተለያዩበት ውሳኔ፣ እንዲህ ያለው ጊዜያዊ እገዳ የኪሳራ ሕጉን ጥበቃ አይጥስም አለ። እንግዲህ ሕጉ አበዳሪን ሁሉ ያስቆማል ብሎ የተማመነ ሰው፣ ዕዳ ያለበት ባንክ ውስጥ ደመወዙን ትቶ ከሆነ፣ የወሩ ገንዘብ ታስሮበት ሊያገኘው ይችላል። የቻፕተር 13 የመጀመሪያ ክፍያ ደግሞ ማመልከቻው በገባ በ30 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት።

ዕዳ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ ባንክ ለክሬዲት ካርድ ዕዳ ሲል የደንበኛውን ተቀማጭ በራሱ ሥልጣን እንዳይወስድ ይከለክላል፤ ደንበኛው አስቀድሞ በጽሑፍ የተስማማበት ነገር ካለ ግን ሁኔታው ይለያል። ክሬዲት ዩኒየን ላይ የበለጠ መጠንቀቅ ያሻል። በዝቅተኛ ወለድ ስለሚያበድሩ ብዙዎቻችን እንወዳቸዋለን፤ በብዙዎቹ የብድር ውል ውስጥ ግን ተቀማጩን ለብድሩ መያዣ የሚያደርግ አንቀጽ አለ። የፈረምነውን ወረቀት አውጥቶ ማንበብ የግድ ነው።

አቀያየሩ ላይ የማየው ችግር የቅደም ተከተል ነው። አዲሱ ሒሳብ መከፈት ያለበት ምንም ዕዳ በሌለብን ባንክ ነው፤ ብድርም፣ ካርድም፣ ኦቨርድራፍትም። የሱቅ ስም ያለበት ካርድ እንኳ አውጪው ሌላ ትልቅ ባንክ ሊሆን ስለሚችል የካርዱን ጀርባ ማየት ነው። ሒሳቡን መክፈት የሚሻለውም አሮጌው ከዜሮ በታች ሳይወርድ ነው። ባንክ ዕዳ ያለበትን ሒሳብ ዘግቶ ለቼክስሲስተምስ ካስታወቀ፣ መዝገቡ እስከ አምስት ዓመት ሊቆይና ሌላ ባንክ በር ላይ ሊያስመልሰን ይችላል።

ከዚያ ዳይሬክት ዲፖዚቱ ይዛወራል፤ ይኼ አንድ ወይም ሁለት የደመወዝ ቀን ሊፈጅ ይችላል። አዲሱ ሒሳብ ላይ ደመወዝ መግባቱ በዓይን ሳይታይ አሮጌውን መዝጋት አያስፈልግም። በየወሩ በራሳቸው የሚወጡ ክፍያዎች፣ ማለትም ኢንሹራንስ፣ ስልክ፣ ጂም፣ አንድ በአንድ ተጽፈው ይዛወራሉ። አንዱን ማስቆም ያስፈለገው ሰው ክፍያው ከሚወጣበት ቀን ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀናት አስቀድሞ ለባንኩ ማስታወቅ አለበት። ዜል ከስልክ ቁጥራችን ጋር የተያያዘው በአሮጌው ባንክ መሆኑንም አንርሳ። በመጨረሻም ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት ስቴትመንቶቹን ሁሉ አውርዶ ማስቀመጥ ነው። ከተዘጋ በኋላ የኦንላይን መግቢያው ሊዘጋ ይችላል፤ ጠበቃውም ትረስቲውም ግን ይጠይቋቸዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በግልጽ የሚደረግ ነገር ነው። ከማመልከቻው ጋር የሚሞላው የገንዘብ ጉዳይ ቅጽ፣ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የተዘጋ ወይም የተዛወረ ሒሳብ ካለ ይጠይቃል። የሚጠይቀው መቀየር ስለተከለከለ አይደለም፤ ገንዘቡ የት እንደገባ ለማወቅ ነው። የአሮጌው ባንክ ስም፣ የተዘጋበት ቀንና የነበረው ቀሪ ከተጻፈ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

የማያበቃው በእህት ስም የተደረገው ነው። ያው ቅጽ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሌላ ሰው የተላለፈ ንብረትን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ የተከፈለ ዕዳን፣ በእጃችን ያለ የሌላ ሰው ገንዘብንም ይጠይቃል። አንድ ወዳጄ ቅጹን ይዤለት ሳነብለት ሳቅ አለና «ይኼን የጻፈው ሰው ሐበሻ ጎረቤት አለው እንዴ?» አለኝ። እውነትም ኑሯችንን የሚያውቅ ይመስላል። ወንድሙ በክፉ ቀን ያበደረውን 4,000 ዶላር «ከባንኮቹ በፊት የእሱን ልክፈል» ብሎ የመለሰ ሰው፣ ደግ ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ትረስቲው ግን ያንን ገንዘብ ከወንድሙ ላይ ሊጠይቅ ይችላል። ወንድሙን የጠቀመ መስሎት ጣጣ ውስጥ ከተተው ማለት ነው።

ዕቁብም እንዲሁ ነው። ዕጣው ገና ያልወጣለት ሰው እስካሁን የከፈለው ገንዘቡ ነው፤ ንብረት ተብሎ ይጻፋል። ዕጣውን አስቀድሞ የበላ ሰው ደግሞ ቀሪው ዕዳው ነው፤ እንደማንኛውም ዕዳ ይመዘገባል። ዳኛ ወይም ገንዘብ ያዥ ሆኖ የዕቁብተኛውን ወይም የዕድሩን ገንዘብ በግል ሒሳቡ የያዘ ሰው፣ ያ ገንዘብ የሌሎች መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ከማመልከቱ በፊት ኃላፊነቱን በመዝገብ ለሌላ ማስረከቡ ለእሱም ለማኅበሩም የሚበጅ ይመስለኛል፤ ርክክቡም አይደበቅም። በየወሩ ለአንድ ሰው በዜል የሚላክ እኩል ገንዘብ ስቴትመንት ላይ ፍጥጥ ብሎ ይታያል፤ «ምንድነው?» መባሉ አይቀርም።

እዚህ ላይ ነገሩን ቀላል አላስመስለውም። የዕቁብ ዕዳ በአበዳሪነት ሲመዘገብ ከፍርድ ቤት የሚወጣው ማስታወቂያ ለዕቁቡ ዳኛም ይደርሰዋል። ሰዎች በእህት ስም ማድረግን የሚመርጡት በአብዛኛው ባንኩን ፈርተው ሳይሆን ይህንን ፈርተው ነው። ዕቁብ በእምነት የቆመ ነገር ነው፤ ዋስ የሆነ ጓደኛም አለ። እኔ የምለው፣ ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ሄዶ ለዳኛው መንገር ነው። ያን ቀን ማፈር ይኖራል። ሳይነገረው ደብዳቤ የደረሰው ዳኛ ግን የሚሰማው መከዳት ነው። ዋስን በተመለከተ ደግሞ ቻፕተር 13 አንድ በጎ ነገር አለው፤ ለግልና ለቤተሰብ ፍጆታ በተወሰደ ብድር አብሮ የፈረመውን ሰው ጭምር፣ ዕቅዱ እየሄደ እያለ አበዳሪው እንዳያሳድደው በአብዛኛው ይከላከላል።

ለእናት የሚላከውስ? ብዙ ሰው ይኼንንም ይደብቃል፣ ያስቀሩብኛል ብሎ። የወር ወጪ በሚሞላበት ቅጽ ላይ ግን አብሮን ለማይኖር ሰው ለምንሰጠው ድጎማ የተለየ መስመር አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው ከ600 ዶላር በላይ የተሰጠ ስጦታም ይጠየቃል። መጠኑ ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ላይ ክርክር ሊነሳ ይችላል። የተጻፈን ነገር ግን ጠበቃ ሊከራከርለት ይችላል፤ ያልተጻፈን ማን ይከራከርለታል?

ምክንያቱም ቅጹ የሚፈረመው በመሐላ ነው። ሀብት መደበቅ ወይም በሐሰት መማል በፌዴራል ሕግ እስከ አምስት ዓመት እስራት ያስቀጣል። በሕጋዊ መንገድ የኪሳራ ጥበቃ መጠየቅ በራሱ ወንጀል አይደለም። ዜጋ ላልሆነ ሰው ግን በማጭበርበር ጥፋተኛ መባል የመኖሪያ ፈቃዱን ጭምር አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ጥቂት ሺህ ዶላር ለማዳን ግሪን ካርድን ማስያዝ ማለት ነው። ቻፕተር 13 ክሬዲት ሪፖርት ላይ ብዙውን ጊዜ ሰባት ዓመት ይቆይና ይጠፋል። የወንጀል መዝገብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፋቅም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለን እናስተምራለን፤ ዕዳ ላይ ግን አንሠራበትም። ሕጉ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ ከተፈቀደለት ድርጅት የብድር ምክር መውሰድን ያስገድዳል። አበዳሪዎች በሚጠሩበት ስብሰባ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ አሁን በዙም ነው፣ አስተርጓሚ በነፃ ይመደባል። የጎደለን ይኼን በአማርኛ፣ ሳናፍር የምንነጋገርበት ቦታ ነው። ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንና ማኅበሮቻችን ስለ ታክስና ስለ ኢሚግሬሽን ሰው ጋብዘው ያስረዳሉ። በዓመት አንድ ቀን የኪሳራ ጠበቃና አንድ ልምድ ያለው የዕቁብ ዳኛ ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ ብዙ ቤት ይድናል።

እስከዚያው ባንክ ልቀይር የሚል ሰው ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ገንዘቡ የሚሄድበትን ቦታ ነገ ቅጹ ላይ በገዛ እጄ እጽፈዋለሁ? የሚጽፈው ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይር። የማይጽፈው ከሆነ ገንዘቡን ሳይነካ ጠበቃ ጋ ይሂድ።