አገር መድረስና አገር መግባት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣ መንገደኛ እንፍራንዝ አጠገብ ሲደርስ የአፄ ሠርፀ ድንግልን ግንብ ጉዛራን ያያል። ከረጅም ዘመን ስደት ለሚመለስ የጎንደር ልጅ ይህ አገር የመድረስ ምልክት ነው። ነገር ግን አገር መድረስ ሌላ፣ አገር መግባት ሌላ ነው። ለዚህም የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ምስክር ይሆነናል።

ሐኪም ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለ ተገኙ፣ ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር ሕክምና ተምረው በበርማ አገር ሠሩ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ አያታቸው በገላቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው። ዘመድ ተገኘ፤ የእናት ቋንቋ ግን ጠፍቶ ነበር።

የእኒህ ሰው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። በሙያቸው የተከበሩ ሐኪም ሳሉ አማርኛን እንደ ገና ተማሩ፤ ቆይተውም የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አዘጋጁ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ። ኢጣልያ በወረረችን ጊዜም በለንደን የኢትዮጵያ መልክተኛ ሆነው ስለ አገራቸው ተከራከሩ።

እንግዲህ ከባሕር ማዶ ተምሮ የሚመለስ ወጣት፣ «አገሬ አላወቀችልኝም» ብሎ ከማጉረምረሙ በፊት «እኔስ አገሬን አውቃታለሁን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ዲፕሎማው ከአውሮፕላን ጣቢያ ያደርሰዋል፤ ከሕዝቡ ልብ የሚያስገባው ግን ዳግመኛ ለመማር መፍቀዱ ነው።