አጭር የስልክ መልእክትና የገጠሩ የደም ግፊት ሕሙማን

የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ሳይሰማ የሚቆይ በመሆኑ፣ መድኃኒት የጀመረ ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጡ የተለመደ ነው፤ መዘዙም ስትሮክ፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ጉዳት ሊሆን ይችላል። በስልክ የሚላክ አጭር መልእክት ይህን ማቋረጥ ሊቀንስ ይችላል የሚለው ሐሳብ ተመራማሪዎችን የሳበው በዋናነት ወጪው ዝቅተኛ በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ማስረጃዎች የተገኙት ከከተማ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው የሲድኒ ጥናት 710 የልብ ደም ሥር ሕሙማንን አሳትፏል። በሳምንት አራት መልእክት ለስድስት ወራት የደረሳቸው ታካሚዎች የላይኛው የደም ግፊት መልእክቱ ካልደረሳቸው ከ7 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በኬፕታውን 1,372 የደም ግፊት ሕሙማንን ለአንድ ዓመት የተከታተለው ጥናት ግን ያገኘው ልዩነት 2.2 ብቻ ነበር፤ ታካሚው ምላሽ መስጠት የሚችልበት መልእክትም መረጃ ብቻ ከሚያደርሰው የተሻለ ውጤት አላስገኘም።

በኢትዮጵያ ገጠር ችግሩ የሚጀምረው ከፊደሉ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት 160 ቁምፊ ሲይዝ፣ በግእዝ ፊደል የሚጻፈው የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ሲያልፍ ተከፋፍሎ ይላካል፣ ወጪውም በዚያው ልክ ያድጋል። (እርግጥ ነው፣ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ቁምፊ ስለሚይዝ ጉዳቱ በከፊል ይካካሳል።) አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ለወጣቱ መፍትሔ ቢመስልም፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ለቆጠሩ አረጋዊ ግን ምንም አይነግራቸውም። ስልኩም ብዙ ጊዜ የልጃቸው ነው።

ስለዚህ የድምፅ መልእክት ይበልጥ ተስማሚ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው 8028 የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር የግብርና ምክርን በአገር ውስጥ ቋንቋዎች በድምፅ ማድረስ እንደሚቻል አሳይቷል።

ከዚህም በላይ መልእክቱ ለማን ይላክ የሚለው ጥያቄ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። በቲቤትና በሕንድ ሃርያና 47 የገጠር መንደሮች በተደረገ ጥናት ስልኩ የተሰጠው ለታካሚው ሳይሆን ለመንደሩ የጤና ሠራተኛ ነበር፤ ሠራተኛዋ በስልኩ እየተመራች ታካሚዎቿን በየወሩ ትጎበኛለች። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ድርሻ ከንጽጽር መንደሮቹ በ25 ነጥብ ያህል በልጦ ተገኝቷል። በዚህ ጸሐፊ አመለካከት፣ ለእኛ የሚቀርበው አርአያ ይህ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱን ታውቀዋለች፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ማግኘቱንም አስቀድማ መጠየቅ ትችላለች። መድኃኒቱ በሌለበት ዕለት የሚደርስ ማስታወሻ ታካሚውን በከንቱ የግማሽ ቀን መንገድ ሊያስኬደው ይችላል። ቀጠሮው ከገበያ ቀን ጋር ቢገጥም፣ መልእክቱም በዋዜማው ቢደርስ፣ ያው መንገድ ለሁለት ጉዳይ ይውላል።