ቤቱ ለምን ይሸሸናል?

(እሑድ ከጸሎት በኋላ ቤይሩት ለምንሠራ እህቶች የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ባለፈው ስለ እቁብ ስንነጋገር አንዳችሁ፣ «ዶላሩ እንዲህ ከጨመረ አገር ቤት ቤት መግዛት ቀሏል ማለት አይደል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። የዛሬው ንግግሬ መነሻ ያ ጥያቄ ነው። እኔ የባንክ ሰው አይደለሁም፤ እንደ እናንተው የማዳም ቤት ነው የምሠራው። ግን ለቤት የሚሆን ገንዘብ ሳጠራቅም ብዙ ዓመት ስላለፈኝ፣ ዋጋውም በየጊዜው ሲነገረኝ በደብተር ስለምይዝ፣ ነገሩ በምን በምን እንደሚሄድ ለይቼዋለሁ።

ቀሏል ወይ? እስቲ እናስላው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ሲለቀው አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር አልፏል። እንበል በ57 ብር ጊዜ አንድ ቤት 2 ሚሊዮን ብር ተባለ፤ 35 ሺህ ዶላር ማለት ነው። ዶላሩ 125 ሲገባ ሻጩ 4 ሚሊዮን ተኩል ካለ 36 ሺህ ዶላር ሆነ። በወር 150 ዶላር ለምታስቀምጥ ልጅ ቤቱ የ20 ዓመት ቁጠባ ነበረ፤ አሁንም የ20 ዓመት ቁጠባ ነው። የሐዋላው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ወፍሯል እንጂ ቤቱ አልቀረበም። ያ 2 ሚሊዮን ብር በደብተሯ ተቀምጦ የነበረላት ደግሞ ዶላሩ 125 ሲገባ በእጇ ያለው 16 ሺህ ዶላር ብቻ ነው፤ ከግማሽ ቤት በታች።

ስለዚህ «ቤቱ ስንት ብር ነው?» ብቻ አትበሉ። «የስንት ዓመት ደመወዜ ነው?» በሉ። ውድና ርካሽ የሚለየው በዚያ ነው። እዚህ ቤይሩት ያሳለፍነውን አትርሱ፤ 300 ሺህ ሊራ አንድ ጊዜ 200 ዶላር ነበር፣ ሊራው በ1,507 ሲመነዘር። በ89,500 ሲመነዘር ያው 300 ሺህ ሊራ ከ4 ዶላር በታች ሆነ። ደመወዟን በሊራ ስትቀበል የነበረች ሰው ይህን ማንም እንዲያስረዳት አትፈልግም።

አሁን ሻጩ ለምን እንዲህ ይላል? ክፉ ሆኖ ብቻ አይደለም። ቤት ሲሠራ ፌሮው፣ ሴራሚኩ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃው፣ የመብራት ገመዱ አብዛኛው ወይ ራሱ ወይ ጥሬ ዕቃው ከውጭ የሚገባ ነው። ሲሚንቶው በሙገርም በደርባም እዚያው ይመረታል፤ ግን የመኪናው ነዳጅና የፋብሪካው መለዋወጫ የሚገዛው በዶላር ነው። ደሴ ወይም ጅማ የምትሠሩ ደግሞ የጭነቱን ኪራይ ጨምሩበት። በክፍለ ሀገር መሬቱ ይረክሳል እንጂ ብረቱ አይረክስም።

ሌላው የገንዘቡ ፍርሃት ነው። በ2014 ዓ.ም. የዕቃ ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሲጨምር ባንኮች ለቁጠባ ይሰጡ የነበረው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል? ብሩን ወደ ቤት ይቀይረዋል። ለመኖሪያ ሳይሆን ለማስቀመጫ ይገዛዋል። አንዳንዱ ቤት ተቆልፎ መስኮቱ አቧራ ሲጠጣ የምታዩት ለዚህ ነው። እኛ ልንተኛበት ከምንፈልገው ቤት ጋር የሚሻማን ሰው ቤት የሌለው ሳይሆን ሦስተኛ ቤቱን የሚገዛ ነው። በዚህ ነገር እኔ በጣም እናደዳለሁ፤ ግን ብሩን የት ያስቀምጥ ብትሉኝ መልስ የለኝም።

ከሁሉ በላይ ግን መሬቱ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ከተወረሰበት ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ መሬት የግል አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። በከተማ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ነው፤ ለመኖሪያ 99 ዓመት። አቅራቢው አንድ ሲሆን፣ የሚያወጣውም ጥቂት ሲሆን፣ በጨረታ ሰው ይጋፋል፤ ጨረታው ላይ የተጨመረው ገንዘብ ደግሞ በመጨረሻ የሚከፈለው በቤት ገዢው ኪስ ነው። ኮንዶሚኒየሙም ፈላጊውን አላዳረሰም። በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 ምዝገባ ሲደረግ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ። ብዙ ዓመት ሲቆጥብ ቆይቶ ዕጣ ያልደረሰው ብዙ ነው፤ እዚህ መካከላችንም አላችሁ። የጠበቀው ሰው ታዲያ ሜዳ ላይ አያድርም፤ ይከራያል፤ የኪራይ ፈላጊ ሲበዛ ኪራይ ይወደዳል፤ ኪራይ ሲወደድ የቤቱም መሸጫ አብሮት ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ቤተሰቦቻችሁ ተከራይ ከሆኑ ይህን ንገሯቸው።

ብድርስ? በብዙ አገር ሰው ቤቱን እየኖረበት በ20 እና በ30 ዓመት ይከፍላል። በእኛ አገር የቤት ብድር የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ወለዱም ይከብዳል። ስለዚህ አብዛኛው ገዢ ገንዘቡን ባንዴ ቆጥሮ ማምጣት አለበት። የደመወዝ ሰው በዚህ ይሸነፋል።

የቦታውን ነገር በአጭሩ ልበል። ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ያለ ቤት ከመሀል ከተማው ይረክሳል። ግን እዚያ የምትኖር እህታችሁ ሥራዋ መሀል ከተማ ከሆነ በየቀኑ ለታክሲ የምታወጣውን አስቡት፤ እሱም የቤቱ ዋጋ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ደላላ ደውሎ «ከገበያው በብዙ መቶ ሺህ ብር የሚቀንስ አግኝቼልሻለሁ» ሲል፣ የቀነሰው ቤቱ አይደለም፤ ወረቀቱ ነው። ወይ ካርታ የለውም፣ ወይ ባለዕጣው ለመሸጥ ገና ያልተፈቀደለት ኮንዶሚኒየም ነው፤ ስለዚህ በውክልና ይሰጣችኋል። ውክልና ግን ሻጩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሻጩ ከሞተም በአብዛኛው ይቀራል። በሕጋችን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ስሙም በመዝገብ ካልዞረ ቤቱ የእናንተ አይባልም። ቅናሹ የዚያ አደጋ ዋጋ ነው።

ወንድምም ቢሆን እንዲሁ ነው። ገንዘቡን እናንተ ልካችሁ ካርታው በእሱ ስም ከወጣ ሕግ ባለቤት ብሎ የሚገምተው እሱን ነው፤ የላካችሁበትን ደረሰኝ ሁሉ ያዙ። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ነገ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይሞታል። ከዚሁ ሆናችሁ በቆንስላው ውክልና ስትሰጡት «በስሜ እንዲገዛ» ብላችሁ አጽፉ፤ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የሚለውን ካላሰባችሁበት አታስገቡ። ጸሐፊው ከልምድ ጨምሮ ሊጽፈው ስለሚችል ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡት፤ ማንበብ የሚቸግራችሁ እኔን ወይም ሌላ እህት ይዛችሁ ሂዱ። እሑድ ከሰዓት እዚሁ ነኝ፤ ውላችሁን በስልክም አስልካችሁ ብታመጡት አብረን እናየዋለን።