የ30 ቀን የምግብ ሙከራ፦ ለጀማሪ

ከምሳ በኋላ ሆዳችሁ እየተነፋ፣ የትኛው ምግብ እንደማይስማማችሁ ግራ የገባችሁ አላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው «ሆል ሰርቲ» ይህን መለያ አንዱ መንገድ ነው።

ለ30 ቀን ስኳርና ማር፣ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ወተትና የወተት ውጤት ይተዋሉ። እንጀራ፣ ዳቦና ሽሮም ይቀራሉ። አልኮልም ክልክል ነው፤ ይህኛው ለእኛ አዲስ አይደለም! የሚበላው ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ድንች፣ አትክልትና ፍራፍሬ ነው። ቡና ያለ ስኳር ይጠጣል።

ዋናው ቁም ነገር ግን መተዉ ሳይሆን መመለሱ ነው። የተበላሸ ሰርኪት ስንፈትሽ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እንደምንመልሰው ማለት ነው። አንድ ቀን ምስር ብሉ፤ ቀጥሎ ሁለት ቀን ወደ ሙከራው ምግብ ተመልሳችሁ ሆዳችሁን ተከታተሉ። ከዚያ ወተት፣ ከዚያ ስንዴ። በ31ኛው ቀን ሁሉንም አንድ ላይ የበላ የወሩ ልፋቱ ከንቱ ነው።

በካፌ ትሪ ይህ አይሞከርም። የክረምት ዕረፍት ላይ፣ ቤተሰብ አማክራችሁ ጀምሩ። አሁን ከሆነ የጠረጠራችሁትን አንድ ምግብ ብቻ ተዉ። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም መድኃኒት የሚወስድ አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

እንጀራ ለወር ተተወ ማለት ሐራም ሆነ ማለት አይደለም። ሐላሉ ሐላል ነው፤ ሰውነታችን ደግሞ አማና ነው።