ጨለማን ፍለጋ ወደ በረሃ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ጨለማን ሲሸሽ ኖሯል። እሳት ያነደደው፣ ኩራዝ የሠራው፣ በመጨረሻም በኤሌክትሪክ ኃይል ከተማውን ሁሉ እንደ ቀን ያበራው ጨለማን ለማሸነፍ ሲል ነው። ዛሬ ግን በሠለጠኑት አገሮች ጨለማን ፍለጋ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚጓዙ ሰዎች አሉ ቢባል፣ ነገሩ ለሰሚው እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን እውነት ነው። እነዚህ ሰዎች ሽፍቶች ወይም ባሕታውያን አይደሉም፤ ሐኪሞች፣ አስተማሪዎች፣ መካኒኮች፣ የባንክ ጸሐፊዎች፣ ጡረተኞችና ተማሪዎች ናቸው። ዓመቱን በየሥራቸው ላይ ከርመው፣ ጨረቃ የማትታይባቸው ጥቂት ሌሊቶች ሲቃረቡ ቴሌስኮፓቸውን በመኪና ጭነው ወደ በረሃ ይጓዛሉ። የሚሄዱትም ከዋክብትን ለማየት ነው። ደመወዝ የሚከፍላቸው የለም፤ ለፍቅሩ ብለው የሚደክሙ ስለ ሆኑ አማተሮች ይባላሉ።

ይህን የመሰለውን ስብሰባ አሜሪካኖች በቋንቋቸው «የከዋክብት ድግስ» ይሉታል። ድግስ ይባል እንጂ ከበሮም ጭፈራም የለበትም፤ መብራት እንኳ የተከለከለ ነው። ልማዱ የቆየ ነው። በ1920 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ራስል ፖርተር የሚባል ሰው በቬርሞንት ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል የፋብሪካ ከተማ፣ ለሠራተኞች የቴሌስኮፕ መስተዋት አሠራር ማስተማር ጀመረ። ተማሪዎቹም ማኅበር አቋቁመው በአንድ ኮረብታ ላይ ቤት ሠሩ፤ ስሙንም «ስቴላፌን» አሉት፤ የከዋክብት መቅደስ ማለት ነው። በ1926 ከሌላ ቦታ የሚመጡ መሰሎቻቸውን ጠርተው ቴሌስኮፖቻቸውን እርስ በርሳቸው አስተያዩ። ከዚያ ወዲህ ልማዱ በብዙ አገር ተስፋፋ።

እየቆየ ግን ከተሞች ሰፉ፣ መብራት በዛ፤ ከዋክብት ወዳጆችም ወደ በረሃ መሸሽ ግድ ሆነባቸው። በረሃን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛ፣ የበረሃ አየር ደረቅ ስለ ሆነ ደመናና ጉም ያንስበታል። ሁለተኛ፣ ከተማ ከአጠገቡ ስለሌለ ሰማዩን የሚያነጣ ብርሃን የለም። ሦስተኛ፣ ምድሩ ሜዳ ስለ ሆነ ሰማዩ ከአድማስ እስከ አድማስ ይታያል። በምዕራብ ቴክሳስ፣ የቺዋዋ በረሃ በሚባለው ምድር ውስጥ ያሉት የዴቪስ ተራሮች ለዚህ የታወቁ ናቸው። በ1939 የተመረቀው የማክዶናልድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ የቆመው በእነዚሁ ተራሮች ላይ ነው። ገንዘቡን የሰጠው ዊልያም ማክዶናልድ የሚባል ባለባንክ ነበር፤ በ1926 ሲሞት ከሀብቱ የሚበዛውን ለዚሁ ሥራ ለቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተናዞ ተገኘ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶም አማተሮቹ በተራሮቹ ግርጌ ሲሰበሰቡ ኖረዋል፤ ለብዙ ዓመታት መሰብሰቢያቸው አንድ የከብት እርባታ ግቢ ነበር።

ድግሱ የሚጀምረው ግን በረሃው ሲደረስ አይደለም። ከወራት በፊት ነው። መጀመሪያ የሚታየው የጨረቃ አቆጣጠር ነው። ጨረቃ ከሠርቅ እስከ ሠርቅ 29 ቀን ተኩል ያህል ትፈጃለች፤ ብርሃኗም ደካሞቹን ከዋክብት ስለሚሸፍን፣ የድግሱ ቀን የሚቆረጠው በሠርቀ ጨረቃ አካባቢ ነው። የኛ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት የበዓላትን ቀን ለማግኘት ሠርቀ ጨረቃን እንደሚያሰሉ፣ እነዚህም ለበዓላቸው ያሰላሉ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው የሚያየውን በዝርዝር ይጽፋል። ሌሊቱ አጭር፣ ሰማዩም ሰፊ ስለ ሆነ፣ ሳይዘጋጅ የሄደ ሰው ሲባክን ያድራል።

ከዝርዝሮቹ ሁሉ የታወቀው የሻርል ሜሲዬ ነው። ይህ ፈረንሳዊ በ18ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ ከተማ ጅራታም ኮከብ ሲያድን የኖረ ሰው ነበር። ነገር ግን በቴሌስኮፑ ውስጥ ጅራታም ኮከብ የሚመስሉ፣ ቦታቸውን ግን የማይለቁ የጉም ቁራጮች እየታዩ ብዙ ጊዜ አታለሉት። ሁለተኛ እንዳይታለል ሲል ቦታቸውን እየመዘገበ አስቀመጠ። እነዚያ ጉሞች አንዳንዶቹ የከዋክብት መንጋ፣ አንዳንዶቹም እንደኛ ፍኖተ ሐሊብ ያሉ ሌሎች ጋላክሲዎች መሆናቸው በኋላ ታወቀ። ዛሬ መዝገቡ 110 ነገሮችን ይዟል። በመጋቢት ወር በሠርቀ ጨረቃ፣ ከምሽት እስከ ንጋት ሳያንቀላፋ የተጋ ሰው 110ሩንም በአንድ ሌሊት ለማየት ይችላል። ይህንንም ትጋት በሯጮች ቋንቋ «የሜሲዬ ማራቶን» ይሉታል።

ቀኑ ሲቃረብ ዕቃ ይሰናዳል። የቴሌስኮፑ መስተዋት ይጸዳል፤ ባትሪ ይሞላል፤ የሰማይ ካርታ፣ ወንበር፣ ብርድ ልብስ፣ ወፍራም ካፖርትና ፔርሙዝ ሙሉ ቡና ይጫናል። በረሃ ቀን ቢያቃጥልም፣ ሙቀቱን የሚይዝ ደመና ስለሌለው ሌሊት ብርዱ ይበረታል። ከሁሉ የሚያስጨንቀው ግን የአየሩ ጠባይ ነው። ስንት ወር የተጠበቀው ሌሊት በአንድ ደመና ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ከዋክብት ወዳጅ የሆነ ሰው ትዕግሥትን ሳይወድ በግድ ይማራል።

በሜዳው ላይ የሚሠራው ሕግ አጭር ቢሆንም ጥብቅ ነው። ነጭ ብርሃን ማብራት ክልክል ነው። የሰው ዓይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ብሌኑ ወዲያው ቢሰፋም፣ በዓይን ውስጥ ያለው ብርሃን ተቀባይ ንጥረ ነገር ተመልሶ እስኪሞላ ድረስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ይህ በትዕግሥት የተገኘ ኃይል በአንድ የባትሪ ብልጭታ ይጠፋል። ስለዚህ ካርታ የሚነበበው በደብዛዛ ቀይ መብራት ነው። ባለመኪናም ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ አለበት። የሰው ቴሌስኮፕ ሳይጠይቁ መንካት ነውር ነው፤ ለጠየቀ ግን የሚከለክል የለም። ዳኛውም መካኒኩም ተራቸውን ጠብቀው በአንድ መሰላል ይወጣሉ፤ በጨለማው ውስጥ ማን ሹም፣ ማን ሎሌ እንደ ሆነ አይለይም።

ይህን ድግስ ገንዘብ ለሌለውም ሰው የከፈተው ጆን ዶብሰን ነው። ዶብሰን በ1915 በቤጂንግ ተወልዶ በሳን ፍራንሲስኮ ያደገ፣ በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ነበር። በኋላ የሕንዶችን የቬዳንታ ትምህርት ተከትሎ በካሊፎርኒያ ገዳም ገባ። በገዳሙ ሳለ ከመርከብ መስኮት የወጣ ወፍራም መስተዋት እየሞረደ፣ ከካርቶን ቱቦና ከጣውላ ጋር እያገጣጠመ ቴሌስኮፕ ይሠራ፣ እየወጣም ለሰፈር ሰው ያሳይ ጀመር። አለቆቹም በ1967 ከገዳሙ አስወጡት። እርሱ ግን በማግሥቱ ዓመት ከወዳጆቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ፣ በከተማው መንገድ ዳር ቴሌስኮፑን እየተከለ አላፊ አግዳሚውን ጨረቃንና ሳተርንን እንዲያይ ይጋብዝ ነበር። በፈጠረው አሠራር ሊከብርበት ሲችል የባለቤትነት መብት አላስመዘገበበትም። በ2014 በ98 ዓመቱ ሲሞት፣ በስሙ «ዶብሶኒያን» የሚባለው ቴሌስኮፕ ዓለምን ሞልቶት ነበር። መስተዋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ፣ በጨለማ የሰፋ የሰው ዓይን ከሚሰበስበው ብርሃን ከ800 ጊዜ በላይ ይሰበስባል። ይህን የመሰለውን ዛሬ አንድ ብርቱ ተማሪ በእጁ ሊሠራው ይችላል።

ከበረሃ ሌሊት ምን ይገኛል ብሎ ለሚጠይቅ የቶማስ ቦፕ ታሪክ መልስ ይሆነዋል። ቦፕ በአሪዞና በአንድ የሕንፃ ዕቃ ኩባንያ የሚሠራ ሰው ነበር፤ የራሱ ቴሌስኮፕ እንኳ አልነበረውም። በ1995 በሐምሌ ወር ከወዳጆቹ ጋር ስታንፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው በረሃ ወጣ። በጓደኛው ቴሌስኮፕ፣ ቀውስ በሚባለው ምድብ ውስጥ ያለውን የሜሲዬን 70ኛ ሲያይ ሳለ፣ በካርታው ላይ የሌለ አንድ ደብዛዛ ጉም አየ። ጓደኞቹንም ጠርቶ አብረው ቢከታተሉት፣ ጉሙ በከዋክብቱ መካከል እየሄደ ነው። ቦፕ በዚያው ሌሊት ወደ ቤቱ ነድቶ ወሬውን ለሥነ ፈለክ ጽሕፈት ቤት በቴሌግራም አስታወቀ። በዚያችው ሌሊት በኒው ሜክሲኮ ግዛት አለን ሄል የሚባል የሥነ ፈለክ ሊቅ ያንኑ አይቶ ነበርና፣ ጅራታሙ ኮከብ በሁለቱ ስም ሄል ቦፕ ተባለ። ሲገኝ ከጁፒተር ማዶ ነበር። በኋላ ግን ወደ ፀሐይ ቀርቦ 18 ወር ያህል ያለ መሣሪያ ታየ፤ በ1989 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር በመጋቢትና በሚያዝያ ከኢትዮጵያም ሰማይ ይታይ ነበር። ሜሲዬ ከጅራታም ኮከብ ለመለየት ብሎ የጻፈው መዝገብ፣ ከ200 ዓመት በኋላ ጅራታም ኮከብ አስገኘ።

በቴክሳስ በረሃ በፀደይ ወራት ሁሉም የሚጓጓለት አንድ ነገር አለ፤ ኦሜጋ ሴንታውሪ የሚባለው የከዋክብት መንጋ ነው። ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ ከዋክብት በአንድነት የተከማቹበት፣ ከኛ 17,000 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ ነው። በሰሜን ያሉ ሰዎች ከቶ አያዩትም። በዴቪስ ተራሮች ከደቡብ አድማስ 12 ዲግሪ ብቻ ብቅ ብሎ ይመለሳል፤ ይህችን ጥቂት ሰዓት ለማግኘት ሰዎች ከሩቅ ይመጣሉ። አዲስ አበባ ላይ ግን እስከ 33 ዲግሪ ከፍ ይላል። በግንቦት ወር ደመና በሌለበትና ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከከተማ ወጥቶ ወደ ደቡብ የተመለከተ ወጣት፣ የደቡብ መስቀል የሚባሉትን አራት ከዋክብት ቀጥ ብለው ቆመው ያገኛቸዋል። ከዚያ ወደ ግራ፣ ከፍ ብሎ፣ እንደ ደበዘዘ ኮከብ የሚታየው ኦሜጋ ሴንታውሪ ነው። ሌላው ዓለም በብዙ ወጪ የሚሄድበት ነገር ለኛ ከደጃችን አለ ማለት ነው።

ነገር ግን ያለው ሀብት ካልጠበቁት ይጠፋል። በ2016 የወጣ የዓለም የሌሊት ብርሃን ካርታ እንዳመለከተው፣ ከመቶ 83 የሚሆነው የዓለም ሕዝብ የሚኖረው በሰው ሠራሽ ብርሃን በተበከለ ሰማይ ሥር ነው፤ ከሦስት ሰው አንዱም ካለበት ቦታ ሆኖ ፍኖተ ሐሊብን ማየት አይችልም። በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ከ2011 እስከ 2022 ድረስ የሰማዩ ንጣት በያመቱ በአማካይ ከመቶ ወደ 10 ሲጨምር መቆየቱን ገለጸ። ይህን ያስታወቁትም በየአገሩ ያሉ ተራ ሰዎች የሚያዩአቸውን ከዋክብት እየቆጠሩ በላኩት መዝገብ ነው።

መድኃኒቱ መብራትን ማጥፋት አይደለም። መንገድ መብራት ያስፈልገዋል፤ ሕዝብም በደኅና መግባት አለበት። ነገር ግን ወደ ሰማይ የሚረጨው ብርሃን ለእግረኛ አይጠቅምም፤ በከንቱ የተከፈለበት ኃይል ነው። አምፑሉን ከላይ በክዳን ሸፍኖ ብርሃኑን ወደ መሬት መመለስ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አለማብራት፣ በማይፈለግበት ሰዓት መቀነስ ይበቃል። በአሪዞና የፍላግስታፍ ከተማ ምክር ቤት ገና በ1958 ሰማይን የሚመታ የማስታወቂያ መብራት በሕግ ከለከለ፤ ከተማው ግን አልጨለመም። በዴቪስ ተራሮች ዙሪያ ያሉ ወረዳዎችም ተመሳሳይ ደንብ አውጥተው፣ በ2022 በቴክሳስና በሜክሲኮ ድንበር ከ36,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ምድር የጨለማ ሰማይ መጠበቂያ ተብሎ ታወቀ።

እንግዲህ ይህ ጉዳይ የሊቃውንት ብቻ አይደለም። በእንጦጦ ተራራ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የ1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ከሥራቸው ደግሞ አዲስ አበባ በያመቱ እየሰፋችና እያበራች ትሄዳለች። ነገ በየከተማው የመንገድ መብራት ሲተከል በወረቀቱ ላይ የሚፈርመው የዛሬው ወጣት ሹም ነው። ለአንድ አምፑል ክዳን የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው። ተማሪውም በበኩሉ ቴሌስኮፕ የለኝም ብሎ መቀመጥ አይገባውም፤ ቦፕም አልነበረውም። ለክረምት ዕረፍት ወደ ገጠር የሄደ እንደ ሆነ፣ ደመናው ገለል ባለበት ሌሊት ከመብራት ርቆ ግማሽ ሰዓት ዓይኑን ያስለምድ፤ ያየውንም በደብተሩ ይጻፍ፤ ለታናናሾቹም ያሳያቸው።