ከንቅለ ተከላ በኋላ የሚመጣው ፈንገስ

እ.ኤ.አ. በ1969 የስዊዘርላንዱ ሳንዶዝ ኩባንያ ባልደረባ ለዕረፍት ኖርዌይ ሄዶ ከሃርዳንገርቪዳ አምባ አፈር ዘግኖ ተመለሰ። ባዝል ውስጥ ከዚያ አፈር የበቀለው ፈንገስ ሳይክሎስፖሪንን አስገኘ። መድኃኒቱ በ1983 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ፣ ሰውነት የተተከለለትን ኩላሊት ወይም ጉበት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ማጥቃቱ ጋብ አለ። ዛሬ ቦታውን በብዛት የያዘው ታክሮሊመስ ደግሞ ከጃፓን አፈር ባክቴሪያ የተገኘ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት የሰውነትን መከላከያ በማዳከም በመሆኑ፣ ከፈንገስ የተቀዳው መድኃኒት ታካሚውን ለሌሎች ፈንገሶች ያጋልጠዋል።

አደጋው እንደ አካሉ ይለያያል። ከ2001 እስከ 2006 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ክትትል፣ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ውስጥ የዘለቀ የፈንገስ በሽታ የያዛቸው ሳንባ ከተተከለላቸው ከመቶ 8.6፣ ኩላሊት ከተተከለላቸው 1.3 ነበሩ። ከግማሽ በላይ ለሚሆነው ሕመም መንስኤው ካንዲዳ፣ ለአንድ አምስተኛው ያህል አስፐርጊለስ ነበር። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው ንቅለ ተከላ የኩላሊት ስለሆነ ቁጥሩ ያጽናናል። ግን ብዙም አያዘናጋ፤ እኛ አገር ሳል ሲበረታ ቀድሞ የሚታሰበው ቲቢ እንጂ ፈንገስ አይደለም፤ ታካሚው መከላከያውን ለማዳከም የሚወስደው ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ትኩሳቱን ይደብቃል።

ሕክምናው ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ነባሩ አምፎተሪሲን ቢ ፈንገሱን አጥብቆ ይመታል፤ የሚጎዳው ግን ያንኑ በስንት ልመና የተገኘ ኩላሊት ነው። በስብ ተሸፍኖ የሚሠራው ዓይነት ለኩላሊት ይሻላል። በሰሜን ምዕራብ ቆላ የካላዛር ሐኪሞች ያውቁታል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። በደም ሥር የሚሰጠው ካስፖፈንጂን ኩላሊትን እምብዛም አይነካም፤ ካንዲዳን ይገድላል፣ ክሪፕቶኮከስ በተባለው ፈንገስ ላይ ግን አይሠራም።

የቀሩት ፍሉኮናዞልና ቮሪኮናዞል ናቸው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝም እነዚህ ናቸው። ጉበት ታክሮሊመስን የሚያስወግድበትን ኤንዛይም ስለሚያግዱ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ኩላሊቱንም ይመርዛል። ስለዚህ ቮሪኮናዞል ሲጀመር የታክሮሊመስ መጠን ወደ አንድ ሦስተኛ እንዲወርድ ይመከራል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻውን ቀን ነው። ፈንገሱ ጠፍቶ ክኒኑ ሲቆም ጉበት ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፤ የታክሮሊመሱ መጠን አብሮ ካልተስተካከለ ደሙ ውስጥ ያለው ያንሳል፣ ሰውነትም ኩላሊቱን ማጥቃት ይጀምራል። አፉ ውስጥ ነጭ ነገር አይቶ ከሰፈር ፋርማሲ ፍሉኮናዞል ገዝቶ የሚውጥ ታካሚ፣ ሲጀምርም ሲያቆምም ሐኪሙ ሳያውቅ በዚህ ሁሉ ያልፋል።

መከላከያው ቀላል ነው፤ ኮትሪሞክሳዞል በመጀመሪያዎቹ ወራት በሳንባ ምች መልክ የሚመጣውን ኒሞሲስቲስ የተባለ ፈንገስ ይከላከላል። የሻገተ እህል ከሚገለበጥበት ጎተራ፣ ከርግብ ኩስና ከግንባታ አቧራ መራቅም ይመከራል። አዲስ አበባ ውስጥ የመጨረሻው እንዴት እንደሚቻል ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።